ትይዩና ቀጤ ነክ፦ በሁለት ዓረፍተ ነገር ውስጥ የተቋጠረ የሦስት ሺህ አምስት መቶ ዓመት ታሪክ

በአሜሪካ የስምንተኛና የዘጠነኛ ክፍል ተማሪዎች አልጀብራ ሲጀምሩ ብዙ ሳይቆዩ ሁለት ሕጎች ይሰጧቸዋል። አንደኛው፣ ትይዩ የሆኑ መስመሮች ስሎፓቸው እኩል ነው ይላል። ሁለተኛው ደግሞ፣ ቀጤ ነክ የሆኑ፣ ማለትም በ90 ዲግሪ የሚቆራረጡ መስመሮች፣ ስሎፓቸው ሲባዛ ውጤቱ ኔጌቲቭ 1 ነው ይላል። ተማሪው ሕጎቹን ይሸመድዳቸዋል፤ ፈተና ላይ ይጽፋቸዋል፤ ዕረፍት ሲመጣ ይረሳቸዋል። ወላጅም ደብተሩን አገላብጦ ካየ በኋላ «እኔ ይህን ከተማርኩ ዘመን የለውም» ብሎ ይመልሰዋል። ልጁም የሚደመድመው፣ ሒሳብ ማለት አንድ ሰው ዝም ብሎ ያወጣው ደንብ ነው ብሎ ነው።

እውነቱ ግን ሌላ ነው። ከእነዚህ ሁለት አጫጭር ዓረፍተ ነገሮች በስተኋላ የግብፅ ድንጋይ ጠራቢዎች፣ የእስክንድርያ ሊቃውንት፣ የባግዳድና የፋርስ ጠቢባን፣ የፈረንሳይ መሐንዲሶች፣ በመጨረሻም በዚሁ ጉዳይ የተጨነቁ አንድ አባትና ልጅ አሉ። ታሪካቸውን ያወቀ ሰው ሕጎቹን መሸምደድ አያስፈልገውም፤ ከየት እንደመጡ ያየዋልና።

ስሎፕ ምን ማለት ነው?

ስሎፕ ማለት የአንድ መስመር ዳገትነት በቁጥር ሲነገር ነው። ወደ ጎን ይህን ያህል ሲኬድ ወደ ላይ ስንት ይወጣል? ለሚለው ጥያቄ መልስ ነው። የጭነት መኪና ይዞ የሮኪ ተራሮችን የሚያቋርጥ ሾፌር ይህን ቁጥር በየጊዜው ያየዋል። «6 በመቶ ቁልቁለት» የሚል ምልክት ሲያይ፣ መንገዱ ወደፊት በ100 ጫማ 6 ጫማ እንደሚወርድ ያውቃልና ማርሹን ይቀንሳል። በአሜሪካ ለአካል ጉዳተኞች ተሽከርካሪ ወንበር የሚሠራ መወጣጫም በመደበኛ ደንቡ ወደ ጎን 12 ኢንች ሲሄድ ከ1 ኢንች በላይ እንዳይወጣ ተደንግጓል። ይኸው 1 ለ12 ስሎፕ ነው።

በደብተር ላይም ነገሩ ያው ነው። አንድ መስመር ወደ ጎን 1፣ ወደ ላይ 2 በሆነ ነጥብና ወደ ጎን 5፣ ወደ ላይ 10 በሆነ ሌላ ነጥብ ቢያልፍ፣ ወደ ላይ የወጣው 10 ሲቀነስ 2፣ ይኸውም 8 ነው። ወደ ጎን የሄደው 5 ሲቀነስ 1፣ ይኸውም 4 ነው። 8 ለ4 ሲካፈል 2 ይሆናል። የመስመሩ ስሎፕ 2 ነው ማለት ነው። መስመሩ ቁልቁል የሚወርድ ከሆነ ቁጥሩ ኔጌቲቭ ይሆናል። ጠፍጣፋ ከሆነ ዜሮ ነው። እንደ ቱንቢ ቀጥ ብሎ የቆመ መስመር ግን ወደ ጎን የሚሄደው ምንም ስለሌለና በዜሮ ማካፈል ስለማይቻል ስሎፕ የለውም።

በክንድና በጋት

ዳገትን በቁጥር የመናገር ጥበብ እጅግ ጥንታዊ ነው። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ1550 ገደማ አሕምስ የሚባል ግብፃዊ ጸሐፊ ከእርሱ ዘመን በፊት ከነበረ ጽሑፍ ገልብጦ ያዘጋጀው የሒሳብ ፓፒረስ ዛሬ በለንደን ብሪቲሽ ሙዚየም ይገኛል። እ.ኤ.አ. በ1858 ሉክሶር ላይ በገዛው ስኮትላንዳዊ ስም የሪንድ ፓፒረስ እየተባለ ይጠራል። ከ56ኛው ጥያቄ ጀምሮ ያሉት ጥቂት ጥያቄዎች የፒራሚድን ዳገት የሚመለከቱ ናቸው።

የግብፃውያን መለኪያ ለኢትዮጵያዊ ጆሮ እንግዳ አይደለም። ክንድ፣ ጋትና ጣት ነበር። አንድ የንጉሥ ክንድ 7 ጋት፣ አንድ ጋት ደግሞ 4 ጣት ነው። ዳገቱን የሚገልጹበት ቁጥር «ሰቀድ» ይባል ነበር፤ ፒራሚዱ አንድ ክንድ ከፍ ሲል ጎኑ ወደ ውስጥ ስንት ጋት ይገባል? ማለት ነው። የዛሬው ስሎፕ ተገልብጦ ሲጻፍ ማለት ነው።

ከጥያቄዎቹ ሁለቱን ጎን ለጎን ማየት ይጠቅማል። በአንደኛው የፒራሚዱ መሠረት 140 ክንድ፣ ቁመቱ 93 ከ1/3 ክንድ ነው። የመሠረቱ ግማሽ 70 ለ93 ከ1/3 ሲካፈል 3/4 ይሆናል፤ በ7 ሲባዛ 5 ከ1/4 ጋት። በሌላው መሠረቱ 12 ክንድ፣ ቁመቱ 8 ክንድ ብቻ ነው። ግማሹ 6 ለ8 ሲካፈል እንደገና 3/4፤ ሰቀዱም እንደገና 5 ከ1/4 ጋት። አንዱ ግዙፍ፣ ሌላው ትንሽ ነው፤ ነገር ግን ሁለቱ ጎን ለጎን ቢቆሙ የሚዛመዱት ጎኖቻቸው አንዱ ከሌላው ጋር ትይዩ ሆነው ይወጣሉ። ዳገቱ እኩል ከሆነ አቅጣጫው አንድ ነው የሚለው የዛሬው ተማሪ የመጀመሪያ ሕግ፣ በቃል ባይነገርም በዚያ ፓፒረስ ውስጥ አለ።

ለግብፃውያን ይህ የወረቀት ጨዋታ አልነበረም። አራቱ የፒራሚድ ጎኖች ጫፍ ላይ በአንድ ነጥብ እንዲገናኙ እያንዳንዱ ድንጋይ በዚያው ዳገት መጠረብ አለበት። በዳሕሹር የሚገኘው የንጉሥ ስነፍሩ ፒራሚድ ግማሽ መንገድ ላይ ዳገቱ እንዲቀንስ ተደርጎ ስለተሠራ እስከ ዛሬ «ጎባጣው ፒራሚድ» እየተባለ ይጠራል። ዳገት መሐል ላይ ሲለወጥ ምን እንደሚመስል ለማየት ለሚፈልግ ከአርባ አምስት ምዕት ዓመት በላይ ቆሞ ይታያል።

የማይገናኙት መስመሮች

ከክርስቶስ ልደት በፊት በ300 ገደማ ዩክሊድ በእስክንድርያ ሆኖ የዘመኑን ጂኦሜትሪ በ13 መጻሕፍት አሰባስቦ ጻፈ። ትይዩ መስመሮች በአንድ ጠፍጣፋ ገጽ ላይ ያሉና በሁለቱም አቅጣጫ ያለ ገደብ ቢረዝሙ የማይገናኙ ናቸው አለ። በዚህ ላይ ችግር ተነሣ። «ያለ ገደብ ቢረዝሙ» የሚለውን ማን ሄዶ ያያል? ሁለት መስመሮች በእጅ ባለው ወረቀት ላይ ስላልተገናኙ ብቻ ከሺህ ኪሎ ሜትር በኋላ አይገናኙም ማለት አይቻልም።

ዩክሊድ ይህን ያውቅ ስለነበር አምስተኛ የሚባለውን መነሻ አሳብ ያለ ማረጋገጫ አስቀመጠ። በቀላል ቋንቋ ሲነገር፣ ከአንድ መስመር ውጭ ባለ አንድ ነጥብ በኩል ለዚያ መስመር ትይዩ የሚሆን አንድ መስመር ብቻ ይሳላል ማለት ነው። በዛሬው ተማሪ አነጋገር፣ በአንድ ነጥብ በኩል ስሎፑ 2 የሆነ መስመር ከአንድ በላይ የለም ማለት ነው። ሌሎቹ አራት መነሻዎች አጫጭርና ግልጽ ናቸው። አምስተኛው ግን ረጅምና ከባድ ስለነበር ሊቃውንት ሁሉ «ይህስ ከሌሎቹ መረጋገጥ አለበት» ብለው ተነሡበት። ፋርሳዊው ዑመር ኻያም በ1077፣ ናስር አል-ዲን አል-ጡሲ በ13ኛው ክፍለ ዘመን ሞከሩት። በአል-ጡሲ ስም የሚታወቅ ጽሑፍ በ1594 ሮም ላይ በዓረብኛ ታተመ፤ የአውሮፓ ሊቃውንትም ተከራከሩበት። ጣሊያናዊው ካህን ጂሮላሞ ሳኬሪ በ1733 የኻያምን በሚመስል መንገድ ተነሥቶ አንድ ሙሉ መጽሐፍ ጻፈ። ማናቸውም አልተሳካላቸውም።

ወጌሻው አልጀብራ

ይህ ሲሆን ጂኦሜትሪ የሥዕል፣ ሒሳብ ደግሞ የቁጥር ጉዳይ ሆነው ለየብቻ ይኖሩ ነበር። አልጀብራ የሚለው ቃል ራሱ በባሕረ ሰላጤው አገሮች የሚኖሩ ወገኖች ሊያውቁት የሚችሉት የዓረብኛ ቃል ነው። አል-ኸዋሪዝሚ በ9ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ባግዳድ ላይ ከጻፈው መጽሐፍ ርእስ የተወሰደ ሲሆን «አል-ጀብር» ማለት የጎደለውን ወደ ቦታው መመለስ፣ መጠገን ማለት ነው። የተሰበረ አጥንትን መጠገንም በዚሁ ቃል ይነገራል። በስፔን አገር ወጌሻ ከጥንት ጀምሮ «አልጀብሪስታ» ይባል የነበረው ለዚህ ነው።

ሥዕሉንና ቁጥሩን እንደ ወጌሻ ያጋጠሙት በ17ኛው ክፍለ ዘመን ሁለት ፈረንሳውያን ናቸው። ሬኔ ዴካርት በ1637 ባሳተመው «ጂኦሜትሪ» በተባለ ጽሑፉ፣ ፒየር ዴ ፌርማ ደግሞ በዚያው ሰሞን በእጅ ጽሑፍ ባሰራጨውና ከሞተ በኋላ በ1679 በታተመው ሥራው፣ መስመርን በእኩልዮሽ መጻፍ እንደሚቻል አሳዩ። ከዚያ በኋላ ሁለት መስመሮች ይገናኙ እንደሆነ ለማወቅ እስከ ዓለም ዳርቻ ማስረዘም አላስፈለገም። ሁለቱ እኩልዮሾች አንድ የጋራ መልስ አላቸው ወይ? ብሎ መጠየቅ በቂ ሆነ።

አንድ ምሳሌ እንውሰድ። አንዱ መስመር «ዋይ = 2 ኤክስ + 1»፣ ሌላው «ዋይ = 2 ኤክስ − 2» ይባል። ይገናኛሉ ከተባለ፣ በመገናኛው ላይ 2 ኤክስ + 1 ከ2 ኤክስ − 2 ጋር እኩል መሆን አለበት። ከሁለቱም ወገን 2 ኤክስ ሲነሣ 1 እኩል ይሆናል ኔጌቲቭ 2 ይቀራል። ይህ ሐሰት ነው። ስለዚህ የትም አይገናኙም። ዩክሊድ «ያለ ገደብ» ያለው ነገር በአንድ መስመር ጽሑፍ አለቀ። ስሎፓቸው እኩል የሆነ ሁለት የተለያዩ መስመሮች ትይዩ ናቸው የሚለው ሕግ ምሥጢሩ ይኸው ነው።

ኔጌቲቭ አንድ ከየት መጣ?

ሁለተኛው ሕግ ዘግይቶ የመጣ ነው። ምክንያቱም አውሮፓውያን ኔጌቲቭ ቁጥርን ለረጅም ጊዜ በጥርጣሬ ስላዩት ነው። ዴካርት እንኳ የእኩልዮሽን ኔጌቲቭ መልሶች «ሐሰተኛ» ይላቸው ነበር። ሕንዳዊው ብራህማጉፕታ ግን ገና በ628 ኔጌቲቭን እንደ ዕዳ፣ ፖዘቲቭን እንደ ሀብት ቆጥሮ ዕዳ በሀብት ሲባዛ ዕዳ ይሆናል የሚለውን ሕግ ጽፎት ነበር። ቁልቁለት የዳገት ዕዳ ነው ብሎ ማሰብ ካልተቻለ የቀጤ ነክን ሕግ መጻፍ አይቻልም።

ሕጉን ለማየት አንድ ወረቀት ይበቃል። ከአንድ ነጥብ ተነሥቶ ወደ ቀኝ 4፣ ወደ ላይ 2 የሚሄድ መስመር ይሳል። ስሎፑ 2 ለ4፣ ማለትም 1/2 ነው። አሁን ወረቀቱ ወደ ግራ ሩብ ዙር ይዙር። ወደ ቀኝ የነበረው 4 አሁን ወደ ላይ ሆኗል። ወደ ላይ የነበረው 2 ደግሞ ወደ ግራ ሆኗል። ወደ ግራ በኔጌቲቭ ስለሚቆጠር አዲሱ ስሎፕ 4 ለኔጌቲቭ 2፣ ማለትም ኔጌቲቭ 2 ነው። 1/2 በኔጌቲቭ 2 ሲባዛ ኔጌቲቭ 1 ይሆናል። ሩብ ዙር ሲዞር መውጫውና መሄጃው ቦታ ተለዋወጡ፣ አንዱም ምልክቱን ቀየረ፤ ሕጉ ይኸው ነው። በየትኛውም ሌላ ቁጥር ቢሞከር ያው ይወጣል። የማይሠራው አንዱ መስመር ጠፍጣፋ፣ ሌላው ቀጥ ብሎ የቆመ ሲሆን ብቻ ነው፤ የቆመው ስሎፕ የለውምና። ሁለቱ ቀጤ ነክ መሆናቸው ግን ያለ ሒሳብ ይታያል።

ተማሪ በፈተና የሚጠየቀውም ከዚህ አያልፍም። «ዋይ = 2 ኤክስ + 1» የሚል መስመር ተሰጥቶ፣ ወደ ጎን 3፣ ወደ ላይ 4 በሆነ ነጥብ የሚያልፈውን ትይዩ ፈልግ ቢባል ስሎፑ ያው 2 ነው፤ 2 ሲባዛ 3፣ 6 ይሆናል፤ 4 ላይ ለመድረስ 2 ይቀነሳል፤ መልሱ «ዋይ = 2 ኤክስ − 2» ነው። ቀጤ ነኩን ፈልግ ቢባል ስሎፑ ኔጌቲቭ 1/2 ነው፤ በ3 ሲባዛ ኔጌቲቭ 1.5፤ 4 ላይ ለመድረስ 5.5 ይጨመራል፤ መልሱ «ዋይ = −1/2 ኤክስ + 5.5» ነው።

ሕጎቹን በዚህ መልክ ለትምህርት ቤት ያበቃቸው የጋስፓር ሞንዥ ትውልድ ነው። ሞንዥ የነጋዴ ልጅ በመሆኑ በሜዚዬር የወታደራዊ መሐንዲሶች ትምህርት ቤት ከመኳንንት ልጆች ጋር እኩል ሊገባ ስላልቻለ በንድፍ ሠራተኛነት ጀመረ። የምሽግ ንድፍ ለማውጣት ያገኘው ዘዴ እጅግ ስለረቀቀ ለብዙ ዓመታት ወታደራዊ ምሥጢር ሆኖ ተጠብቋል። በ1780ዎቹ ባሳተማቸው ጽሑፎች መስመርን በአንድ ነጥቡና በስሎፑ መጻፍን አስተዋወቀ፤ ተማሪው ላክሯ ደግሞ በክፍለ ዘመኑ ማብቂያ ላይ ይህን ትምህርት በመማሪያ መጽሐፍ አሰራጨው። የሚገርመው፣ ሞንዥ በ1798 ከናፖሊዮን ጋር ወደ ግብፅ ዘምቶ ካይሮ ላይ የተቋቋመውን የምርምር ተቋም መርቷል። የዳገት ቁጥር ከተጀመረበት አገር ደረሰ ማለት ነው።

ኤም፣ ኬ ወይስ ኤ?

በአሜሪካ ስሎፕ በኤም ፊደል ይጻፋል፤ «ዋይ = ኤም ኤክስ + ቢ» ይባላል። ኤም «መውጣት» ከሚል የፈረንሳይኛ ቃል የመጣ ነው የሚል ወሬ አለ። ይሁን እንጂ ዴካርት ኤምን ለስሎፕ አልተጠቀመም፤ በፈረንሳይም ኤን የሚጽፉ ተማሪዎች አሉ። ኤም በ1757 በጣሊያናዊው ቪንቼንሶ ሪካቲ ጽሑፍ፣ በ1848 ደግሞ በአየርላንዳዊው ጆርጅ ሳልመን መጽሐፍ ይገኛል። በስዊድን ስሎፕ ኬ ነው፤ ኤም ደግሞ መስመሩ ቋሚውን ዘንግ የሚቆርጥበት ቁጥር ነው። ስለዚህ አንዱ ስቶክሆልም፣ ሌላው ዋሽንግተን ያደጉ የአክስት ልጆች «ኤም ስንት ነው?» ቢባባሉ ላይግባቡ ይችላሉ። መስመሩ ግን ያው ነው። ከአገር አገር ትምህርት ቤት የሚቀይር ልጅ «የማላውቀው ሒሳብ ነው» ብሎ ከመደንገጡ በፊት የተለወጠው ፊደሉ ብቻ መሆኑን ቢነግሩት ይጠቅመዋል።

አባትና ልጅ

አምስተኛው የዩክሊድ መነሻ ግን ገና መቋጫ አላገኘም ነበር። በትራንሲልቫኒያ የሚኖር ፋርካሽ ቦያይ የሚባል ሃንጋሪያዊ መምህር የወጣትነት ዘመኑን ይህን ለማረጋገጥ ሲደክም አሳልፎ ምንም አላገኘም። ልጁ ያኖሽም በዚሁ ጉዳይ መጠመዱን ሲሰማ በ1820 ደብዳቤ ጻፈለት። ትይዩ መስመሮችን ተዋቸው፤ የእኔን ሕይወት ብርሃንና ደስታ ውጠውታል፤ ያንተንም ጤናና ዕረፍት ይወስዱታል የሚል ልመና ነበር።

ልጁ አልተወም። አምስተኛውን ከማረጋገጥ ይልቅ «እውነት ባይሆንስ?» ብሎ ተነሣ። በአንድ ነጥብ በኩል ብዙ ትይዩዎች የሚሳሉበት፣ ምንም እርስ በርሱ የማይጋጭ አዲስ ጂኦሜትሪ አገኘ። አባትየው ያን ያህል ቢከለክልም የልጁን ሥራ በ1832 በራሱ መጽሐፍ መጨረሻ ላይ አያይዞ አሳተመለት። የዘመኑ ታላቅ ሊቅ የነበረው የአባትየው ወዳጅ ጋውስ ግን ሥራውን ሲያነብ፣ ይህን ማመስገን ራሴን ማመስገን ይሆንብኛል፤ እኔም ለብዙ ዓመታት ያሰብኩት ነው ብሎ መለሰ። ያኖሽ ልቡ ተሰበረ፤ እስከ ሞተበት እስከ 1860 ድረስ ሌላ የሒሳብ ሥራ አላሳተመም። በሩሲያ ካዛን የነበረው ሎባቼቭስኪም በ1829 ያንኑ ለብቻው አሳትሞ ነበር። ለሁለቱም ሙሉ ክብር የተሰጣቸው ከሞቱ በኋላ ነው።

የደረሱበት ውጤት የተማሪውን ሕግ አላፈረሰም፤ ድንበሩን አሳየ እንጂ። የስሎፕ ሕጎች የሚሠሩት በጠፍጣፋ ገጽ ላይ ነው። በሉል ላይ ግን ሁኔታው ሌላ ነው። ሁለት የኬንትሮስ መስመሮች የምድር ወገብን በ90 ዲግሪ ይቆርጣሉ፤ በወረቀት ላይ ቢሆን ፈጽሞ የማይገናኙ ትይዩዎች በሆኑ ነበር፤ በምድር ላይ ግን ሰሜን ዋልታ ላይ ይገናኛሉ። ከዋሽንግተን ወደ አዲስ አበባ የሚበር መንገደኛ ከፊቱ ባለው ስክሪን ላይ የአውሮፕላኑ መንገድ የጎበጠ ሆኖ የሚታየውም ምድር ጠፍጣፋ ስላልሆነች ነው። የጎበጠ የሚመስለው መንገድ አጭሩ ነው።

እንግዲህ ልጅ የአልጀብራ ደብተሩን ይዞ ሲመጣ፣ ወላጅ እንግሊዝኛው ወይም ፊደሉ ቢጠፋበትም ነገሩ አይጠፋበትም። ዳገትና ቁልቁለትን ያውቃል። ግንበኛ ቱንቢ ጥሎ ግድግዳ ሲያቆም፣ በውሃ ልክ ሲያስተካክል፣ በስኳድራ ማዕዘን ሲያወጣ አይቷል። ቱንቢው ያቆመውና ውሃ ልኩ ያስተኛው ቀጤ ነክ ናቸው። ወረቀቱን ሩብ ዙር አዙሮ «4ቱ የት ሄደ? 2ቱስ?» ብሎ መጠየቅ ይችላል። ልጁ ራሱ ቆጥሮ ኔጌቲቭ 1 ላይ ሲደርስ ሕጉን ከመምህሩ የተቀበለው ሳይሆን ራሱ ያገኘው ይሆናል። እንዲያ የተገኘ ሕግ ደግሞ በዕረፍት ጊዜ አይረሳም።